ታክሲ ውስጥ ዝምታ መግዛት፦ የውጭ ድምፅ ስለሚከልሉ ርካሽ ኢርፎኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዘመድ ወዳጅ ደውሎ «ኢርፎን ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» ሲለኝ ስለ ብራንድ ከማውራቴ በፊት «የት ሆነህ ነው የምትሰማው?» እላለሁ። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ለሚሰማ ሰው የትኛውም ደህና ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ዶርም ውስጥ ለሚሰማ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግሜ የምጠየቃቸው ናቸው።

የውጭ ድምፅ መከለልና «ኖይዝ ካንስሊንግ» አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ሻጮች ግን አንድ ያደርጓቸዋል። መከለል ማለት ጫፉ ላይ ያለው ጎማ የጆሮን ቀዳዳ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ደፍኖ የውጭውን ድምፅ ማገዱ ነው። ባትሪ የለው፣ ቺፕ የለው። ኖይዝ ካንስሊንግ ደግሞ በትንንሽ ማይኮች የውጭውን ድምፅ ያዳምጥና የዚያኑ ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ አውጥቶ ያጣፋዋል። ይህ ባትሪ ይበላል፣ ዋጋም ይጨምራል።

የሚበረቱበት ቦታም ይለያያል። ካንስሊንግ የሚያሸንፈው ወፍራምና ሳይቋረጥ የሚጮህ ነገር ነው፦ የአውሮፕላን ሞተር፣ የጄኔሬተር ጉርምርምታ፣ የረጅም ርቀት አውቶቡስ። ጎማው የሚበረታው ቀጭንና ድንገተኛ ድምፅ ላይ ነው፦ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚል ወያላ፣ ጥሩምባ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የካፌ ስኒ ኳኳታ። የእኛ ከተማ ጫጫታ አብዛኛው ከሁለተኛው ወገን ስለሆነ፣ ገንዘቡ አጭር ለሆነ ሰው ጎማው ይበልጥበታል ባይ ነኝ። ርካሽ ካንስሊንግ ላይ ያለው ሌላው ችግር፣ ጎማው በደንብ ካልገጠመ ካንስሊንጉም ብዙ አለመሥራቱ ነው። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ነገሩ ጎማው ላይ ይመለሳል።

ጎማ የሌላቸው፣ ጆሮ ላይ እንዲሁ ጣል የሚደረጉት፣ ማለትም ድሮ ከአይፎን ጋር ይመጣ የነበረው ነጩ ዓይነትና በዚያ ቅርጽ የተሠሩ «ኤርፖዶች»፣ ጆሮን አይደፍኑም። የውጭ ድምፅ እንዲከልሉ መጠበቅ የለባችሁም።

ስንት ይዤ ልሂድ?

በብር ልንገራችሁ ብል ነገ ያረጅብኛል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የሰማችሁት ዋጋ በሌላው ወር አይገኝም። ስለዚህ በዶላር አስቡት፤ የሻጩን ትርፍና የማስመጫውን ወጪ እላዩ ላይ ደምሩበት።

ከ5 ዶላር በታች ያለው ሰፈር ዕድል ነው፤ ደህና ነገር ይገኛል፣ ግን ሁለተኛውን ስትገዙ አንደኛውን አይመስልም። ከ15 እስከ 30 ዶላር ያለው ዛሬ ወርቃማው ክልል ነው። ከ10 ዓመት በፊት በዚህ ገንዘብ የሚገኘው ድምፅ ከአሁኑ ጋር አይወዳደርም፤ የቻይና ትንንሽ አምራቾች እርስ በርስ ተሻምተው ዋጋውን ጣሉት፣ ጥራቱን አነሡት። ከ30 እስከ 100 ዶላር ባለው መሃል ላይ የሚጨመረው ገንዘብ በአብዛኛው ለመልክ፣ ለገመድና ለጣዕም ልዩነት ነው። ከ20 ዶላሩ ላይ 5 ዶላር ቀንሳችሁ ለተጨማሪ ጎማ ብታውሉት፣ ዋጋው ላይ 50 ዶላር ከመጨመር የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ውድ ገዝቼ ቤዙ ጠፋብኝ፣ የውጭ ድምፅም ይገባል። ተበላሽቶ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም፤ ጎማው ልክ አልሆነም። ከሚደርሱኝ ቅሬታዎች አብዛኞቹ እዚህ ነው የሚያልቁት፤ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

ኢርፎን ውስጥ ያለችው ስፒከር ከጥፍር አትበልጥም። ወፍራም ድምፅ የምታሰማው በጎማውና በጆሮ ታምቡር መሃል ያለችውን ጠባብ አየር እየገፋችና እየሳበች ነው። በጎማው ጎን ትንሽ ክፍተት ካለ ግፊቱ በዚያ ያመልጣል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ቤዙ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ግን ይቀራል። ሰሚው «ይህ ኢርፎን ይጮሃል፣ ይቆረቁራል» የሚለው ለዚህ ነው። በዚያው ክፍተት የውጭውም ይገባል። ከዚያ ሰውየው ቮሊዩም ይጨምራል፤ ጆሮው ይጎዳል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቱ፣ ሁለቱንም ኢርፎን በጣት ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ጫን በሉ። ስትጫኑ ቤዙ ድንገት ከጨመረ፣ ስትለቁ ከሄደ፣ ጎማው ትንሽ ነው ወይም ጠልቆ አልገባም። ሌላው ምልክት የራሳችሁ ድምፅ ነው፤ በትክክል ሲገጥም ስትናገሩ እንስራ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ትሆናላችሁ።

አገባቡም ስልት አለው። ቀኝ ጆሮን በግራ እጃችሁ ከራስ በላይ ዞራችሁ ያዙና ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፤ ቀዳዳው ይቀናል። ያን ጊዜ አስገብታችሁ ጆሮውን ልቀቁ። ስታወጡ ደግሞ አትንጠቁት፤ አየሩ ታምቡሩን ስለሚስብ ያማል። ዘወር ዘወር እያደረጋችሁ ቀስ በሉ።

ሳጥን ውስጥ ሦስት መጠን ጎማ ይመጣል፤ ሰው ግን ከፋብሪካ የተገጠመለትን መካከለኛውን ይዞ ዓመት ይዘልቃል። ሁሉንም ሞክሩ። የቀኝና የግራ ጆሮ ቀዳዳ እኩል ላይሆን ይችላል፤ እኔ ራሴ በቀኝ መካከለኛ፣ በግራ ትልቁን ነው የማደርገው፤ እስክለምደው ቅር ቢለኝም።

ሲሊከን፣ ስፖንጅ ወይስ ባለ ሦስት ደረጃው ጎማ?

ሲሊከኑ ይታጠባል፣ ዕድሜ አለው፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ስፖንጁ በጣት ተጠቅልሎ ይገባና ጆሮ ውስጥ ቀስ ብሎ ያብጣል፤ እስኪያብጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ይዛችሁ ጠብቁ። ከተራ ሲሊከን የበለጠ ድምፅ ይከልላል፣ ቀጭኑንም ድምፅ ትንሽ ያለዝበዋል። ክፋቱ በወራት ውስጥ ይደክማል፣ ላብና የጆሮ ቅባት ይመጠዋል፣ መልሶ ማጠብም አያዋጣም። ቀን ሙሉ ለሚጠቀም ሰው ወጪው ይደጋገማል።

ባለ ሦስት ደረጃው የገና ዛፍ የሚመስለው ነው። ጠልቆ ስለሚገባ ከሁሉም በላይ ይከልላል፤ መጀመሪያ ሲሞክሩት ግን «ይሄ ጆሮ ውስጥ ነው ወይስ አንጎል ውስጥ?» ያሰኛል። በዚህ የታወቀው የአሜሪካው ኢቲሞቲክ ነው። መሥራቹ ሚድ ኪሊየን የመስሚያ መሣሪያ መሐንዲስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ኢአር4 የተባለውን ኢርፎን አወጡ። ኩባንያው ከ35 እስከ 42 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ይከልላል ይላል፤ ለኢርፎን ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። የዴሲቤሉን ስሜት ለመረዳት፣ 10 ዴሲቤል ሲቀነስ ለጆሮ ድምፁ በግማሽ ያህል የቀነሰ ይመስላል።

እሺ፣ ስም ጥራልኝ። የትኛውን ልግዛ?

በ20 ዶላር አካባቢ ሦስት ስሞች ያዙ፦ የሙንድሮፕ ቹ 2፣ የ7ኸርዝ ሳልኖትስ ዜሮ እና የታንግዙ ዋነር። ሦስቱም የቻይና ናቸው፣ ሦስቱም ገመዳቸው ይነቀላል፣ ሦስቱም የተስተካከለ ድምፅ አላቸው። ቤዝ ለወደደ ሰው ዋነር ሞቅ ይላል፤ ዜሮ ጠራ ይላል። ኬዜድ የተባለው ብራንድም በዚሁ ዋጋና ከዚያ በታች ደርዘን ሞዴሎች አሉት፤ ብዙዎቹ ቤዝና ቀጭን ድምፅ አጉልተው መሃሉን ያሳንሳሉ። ለዳንስ ደህና፣ ለትረካና ለስብከት ግን የሰው ድምፅ ወደ ኋላ ይሸሽባችኋል።

ጆሯችሁ ጠባብ ከሆነ ወይም ጆሮ ላይ የሚጠመጠመውን የሦስቱን ቅርጽ ካልወደዳችሁ፣ የጃፓኑ ፋይናል ኢ1000 ጥይት የምታህል ቀላል ነገር ናት፤ ገመዷ ግን አይነቀልም።

ማወቅ ያለባችሁ፣ እነዚህ ርካሾቹ ለስፒከራቸው መተንፈሻ የሚሆን ትንንሽ ቀዳዳ አካላቸው ላይ አላቸው። በዚያ ትንሽ ድምፅ ይገባል። በመከለል ብቻ የምትለኩ ከሆነ ገንዘብ አጠራቅሙና የሹር ኤስኢ215 ላይ ድረሱ፤ ወደ 100 ዶላር ነው፣ ኩባንያው እስከ 37 ዴሲቤል ይከልላል ይላል፣ ገመዱም ይቀየራል። ድምፁ ከአዲሶቹ 20 ዶላሮች ይልቃል ብዬ ግን አልምልም። አካሉ ግን ጠንካራ ነው፤ ዓመታት ይሠራል።

ባለ ገመድ ወይስ ብሉቱዝ?

በትንሽ ገንዘብ፣ ገመድ። በ20 ዶላር ብሉቱዝ ውስጥ ባትሪ አለ፣ ቺፕ አለ፣ ማይክ አለ፣ መያዣ ሳጥን አለ፤ ለስፒከሩ የተረፈው ገንዘብ ስንት እንደሆነ አስቡት። ባትሪውም በሁለት ሦስት ዓመት ይደክማል፤ ያኔ ኢርፎኑ ደህና ሆኖ ይጣላል። ገመድ ያለው መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም፣ ፊልም ላይም ከንፈርና ድምፅ አይለያይበትም።

ብሉቱዝ የሚሻልበት ቦታ አለ፦ ስፖርት የሚሠራ፣ እጁ ሥራ ላይ ሆኖ ስልክ የሚያነሣ። ለነዚህ ሰዎች ገመድ ያዙ ብዬ አልከራከርም።

ስልኬ የጃክ ቀዳዳ የለውም፤ ምን ላድርግ?

አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2016ቱ አይፎን 7 ጀምሮ ጃኩን አውጥቷል፤ አንድሮይዶቹም ብዙዎቹ ተከትለዋል። መፍትሔው ከታይፕ ሲ ወደ ጃክ የሚቀይር አጭር ገመድ ነው። እዚህ ጋ ግን ሰው ይሸወዳል። ሁለት ዓይነት አለ፦ ውስጡ የራሱ የድምፅ ቺፕ ያለውና ባዶ ሽቦ የሆነው። ባዶው የሚሠራው ለዚያ በተዘጋጁ አንዳንድ ስልኮች ላይ ብቻ ነው፤ በሌላው ላይ ስትሰኩት ድምፁ በስፒከር መውጣቱን ይቀጥላል። ሻጩን «ዲኤሲ (ያ የድምፅ ቺፕ) አለው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካላወቀ ራሳችሁ ስልክ ላይ ሳትሰኩ አትክፈሉ። የአፕል አነስተኛው የታይፕ ሲ መቀየሪያ ቺፕ አለው፣ በ9 ዶላር ጥሩ ነገር ነው፤ በአንዳንድ አንድሮይድ ላይ ግን ድምፁ ዝቅ ይላል። አይፎን 15 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት ታይፕ ሲ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ላሉት ላይትኒንግ የሚባለውን ነው የምትፈልጉት።

ለስልክ ማውሪያ ማይክ ያለውን ከፈለጋችሁ ጃኩን እዩ፦ ሦስት ጥቁር ቀለበት ካለው ማይክ ሊኖረው ይችላል፣ ሁለት ብቻ ከሆነ የለውም። ከላይ ከጠቀስኳቸው ብዙዎቹ ማይክ ያለውም የሌለውም ገመድ ስላላቸው ስታዙ ለይታችሁ እዘዙ።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ይነግረኛል?

ስለ ድምፁ ጥራት፣ ከሞላ ጎደል ምንም። «ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ» የሰው ጆሮ የሚሰማው ክልል ነው፤ ሁሉም ይጽፈዋል። «እስከ 40 ሺህ» የሚለው ለሌሊት ወፍ ነው። የስፒከሩ ስፋት በሚሊሜትር መጻፉም ቤዙ ይበዛል ማለት አይደለም። የሚጠቅሙት ሁለት ናቸው፦ ኦሙ (የኤሌክትሪክ መቋቋሚያው) ከ16 እስከ 32 ከሆነ፣ ሴንሲቲቪቲውም (በትንሽ ጉልበት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚለካው) ከ100 ዴሲቤል በላይ ከሆነ ስልካችሁ ያለ ችግር ያጮኸዋል።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ልሞክር?

የራሳችሁን ጎማ በትንሽ ላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ የሚሸጠውን ዕቃ ጆሮ ውስጥ አስገቡ ማለት አይወድም፤ እውነቱን ነው፤ ጎማ ቀይራችሁ ስትሞክሩ ግን አብዛኛው እሺ ይላል።

የምትሰሙትን ስልካችሁ ላይ አስቀድማችሁ አውርዱ፤ ሻጩ የሚከፍትላችሁ ዘፈን ለማንኛውም ስፒከር እንዲያምር የተመረጠ ነው። እኔ ሦስት ነገር እይዛለሁ። አንደኛ፣ የበገና መዝሙር፦ በገና ወፍራም ነው፣ ክሮቹም ይነዝራሉ፤ መጥፎ ኢርፎን ላይ ያ ንዝረት ወደ ጭቃ ይለወጣል፣ በጥሩው ላይ የእያንዳንዱን ክር ይለያል። ሁለተኛ፣ ከበሮና ጸናጽል አብረው የሚመቱበት፦ ከበሮው ደረት ላይ ካልመጣ ጎማው አልገጠመም፣ ጸናጽሉ ጥርስ ካስነከሰ ቀጭኑ ድምፅ በዝቷል። ሦስተኛ፣ የሬድዮ ትረካ ወይም ዜና፤ «ሰ» እና «ሸ» የሚያፏጩ ከሆነ አንድ ሰዓት አትሰሙበትም።

በመጨረሻ ገመዱን ጃኩ ጋ፣ መሃሉ ላይ ሁለቱ በሚለዩበት ጋ እየነቀነቃችሁ ስሙ። አንድ ጆሮ ከተቆራረጠ መልሱት።

ኦርጅናሉን ከኮፒው በምን ልለየው?

ከባድ ነው፤ እኔም ተሸውጃለሁ። ትልቅ ስም የተጻፈበትን፣ ሳጥኑ ፕላስቲክ የተጠቀለለውን አንድ ኢርፎን «ያለቀ ዋጋ ነው» ተብዬ ገዝቼ በሁለተኛው ሳምንት ግራው ዝም አለ። ስመልሰው ሻጩ «ወንድሜ፣ እኔም እንደ አንተ ገዝቼ ነው» አለኝ፤ ምናልባትም እውነቱን ነው።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ሕግ፣ ኮፒ የሚሠራው ስሙ ለገነነ ዕቃ ስለሆነ፣ በትንሽ ገንዘብ የገነነ ስም አለማሳደድ ነው። ሹርም በስሙ የሚሸጥ የውሸት ዕቃ እንዳለ ያስጠነቅቃል። መቶ ዶላር የሚያወጣ ነገር በሃያ ሲቀርብላችሁ፣ በእርግጥ ሃያ የሚያወጣውን ግዙ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ሻንጣ ውስጥ ቦታ የማይዝ ዕቃ ነው፤ ሞዴሉን በጽሑፍ ላኩለት፣ «ጥሩ ኢርፎን አምጣልኝ» ካላችሁት ያገኘውን ያመጣል።

ጆሮዬን አይጎዳውም?

የሚጎዳው የድምፁ ከፍታና የሰዓቱ ርዝመት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት፣ ለልጆች 75 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ይላል። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ በ90 ዴሲቤል በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። የከተማ ታክሲ ውስጥ የማይከልል ኢርፎን ይዞ የሞተሩን ጩኸት ለማሸነፍ የሚጨምር ሰው እዚያ ለመድረስ አይቸገርም።

ጥሩ መከለያ የምመክረው ከሙዚቃው ይልቅ ለዚህ ነው። የውጭው ሲቀንስ በግማሽ ቮሊዩም ይሰማል። ከሰማችሁ በኋላ ጆሮ የሚያቃጭል ከሆነ ከልክ አልፏል፤ ካልተወ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጆሯችሁ የሚፈስ ወይም ያመመ ከሆነ ደግሞ እስኪድን ምንም አታስገቡበት።

መንገድ ስታቋርጡ አንዱን አውጡ። ባጃጅ ከኋላ ሲመጣ አይሰማችሁም፤ ኢርፎኑ በደንብ ይሠራል ማለት ያ ነው።

ስራመድ ኮቴዬና የገመዱ ፍትጊያ ይሰማኛል፤ ጉድለት ነው?

ጉድለት አይደለም። ጆሮ ሲደፈን የአካል ድምፅ ውስጥ ይቀራል፤ ቆሎ ብትበሉበት ወፍጮ ቤት ነው የሚመስላችሁ። የገመዱን ፍትጊያ ግን መቀነስ ይቻላል፦ ገመዱን በጆሮ ላይ፣ ከኋላ አዙራችሁ አውርዱት፤ ልብስ ላይም በመርፌ ቁልፍ ወይም በክሊፕ ያዙት።

አንድ ጆሮው ድምፁ ቀነሰ። ሞተ ማለት ነው?

መጀመሪያ ጎማውን አውጡና አፍንጫው ላይ ያለችውን ወንፊት በብርሃን እዩ። የጆሮ ኩክ ደፍኗት ይሆናል። ኢርፎኑን ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ፤ በመርፌ አትውጉ፣ ውኃ አታስነኩ። ጎማውን ብቻ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ። ገመዱ የሚነቀል ከሆነ የቀኙን ገመድ ግራ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ችግሩ ከገመዱ ጋር ከተዛወረ፣ የምትቀይሩት ገመዱን ብቻ ነው።

ሌሊት የሰፈር ድምፅ ማጉያ ያስቆምልኛል? እንቅልፍ አጣሁ።

ይቀንሰዋል፣ አያስቆመውም። ወፍራሙ ድምፅ በግድግዳም በአጥንትም ይመጣል። ደግሞም ኢርፎን አድርጎ በጎን መተኛት ጆሮ ያሳምማል፣ ገመዱም አንገት ላይ ይጠመጠማል። ለእንቅልፍ ከሆነ ይህን ሁሉ ተዉትና ፋርማሲ ወይም የሥራ ደኅንነት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብታችሁ ተራውን የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ግዙ። ከማናቸውም የ20 ዶላር ኢርፎን ይልቅ ድምፅ ይከልላል፤ ዋጋውም ከአንድ ማኪያቶ ብዙ አይርቅም።